የግራው የኋላ ጎማ

ይድረስ ለወንድሜ ለቴይቱር፣ ካለህበት ከዚያ ከሩቁ አገር።

ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ባለፈው ሰንሰለት ነክሶኛል ያልከው ጣትህ ጥፍር አበቀለ ወይ? ባለቤትህ ማሪስ እንዴት ናት? ትንሿ ልጃችሁ ፊና ቆማ መሄድ ጀመረች? እናንተ ዘንድ አሁን ሙቀቱ የሚብስበት ወር እየገባ ነው ሲሉ እሰማለሁ። ባርኔጣ ታደርጋለህ ወይስ እንደ ልጅነትህ አሻፈረኝ ብለህ አንገትህ እንደ ድንች ይላጣል? እማዕድኑ ቦታ የምትገጥመው ጎማ ከሁለት ሰው ቁመት ይበልጣል ያልከኝን ለሰው ሳወራ የሚያምነኝ ጠፋ። እኔ ግን አምንሃለሁ። አንተን ማመን የጀመርኩት ዘግይቼ መሆኑን ከዚህ በታች ታነበዋለህ።

እኔ በሰውነቴ ደህና ነኝ። ሲበርድ ጉልበቴ ይጮኻል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ብሎ ማለፍ የደብዳቤ ወግ ነው፤ እኔ ለወግ ብዬ አይደለም፣ ናፍቀኸኛል። በአፌ ብዬህ አላውቅም። ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ ያስጽፈዋል ብለህ እንደምትገረም ይገባኛል፤ ግን እኔና አንተ በስልክ ስለ ነፋስና ስለ በረዶ አውርተን «በል እንግዲህ» ተባብለን መዝጋት ነው የምናውቀው። የዛሬው ነገር በ«በል እንግዲህ» የሚዘጋ አይደለም።

መቼም ከአገር ወሬ ልጀምር። እማማ ሁሳቪክ ከተማ ባለው የአረጋውያን ቤት ደህና ናት። ጆሮዋ ደክሟል፣ ምላሷ ግን ያው ነው። ለፊና የሱፍ ሹራብ እየሠራች ነው። ያ አገር እኮ እሳት ነው፣ ልጅቷን ልትቀቅያት ነው ወይ ብላት፣ «ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይበርደዋል» ብላ ዘጋችኝ። በጎቹን በመስከረም ከተራራው አውርደናል፤ አሥራ አንድ ጠፍተው ዘጠኙ ተገኙ። ሞሪም አርጅቷል። የውሻ ነገር፣ አሁንም መኪና በመጣ ቁጥር በሩ ድረስ ሄዶ ሾፌሩን ያያል፤ ያሰበው ሰው አለመሆኑን ሲያውቅ ተመልሶ ይተኛል። ሰባት ዓመት ሊሞላ ነው፣ አልተወውም።

ቤቱ ያው ቤት ነው። የደረቀ ዓሣዬን በቅቤ እየበላሁ የአየር ትንበያ እሰማለሁ፣ ትንበያው ሲያልቅ ሬዲዮውን እዘጋለሁ፣ ከዚያ በኋላ የሚሰማኝ ሰዓቱ ብቻ ነው። ለብቻ የሚበላ ነገር ጨው ቢበዛበትም አይጣፍጥም። ይህን የምልህ እንድታዝንልኝ አይደለም፤ ቀጥሎ የምነግርህን ስታነብ «እንደ እጁ ነው ያገኘው» ማለትህ አይቀርም።

በጥቅምት መጀመሪያ ብሪንያ መጣች። የነፍስ አድኑ ቡድን አለቃ አሁን እሷ ናት፤ አንተ ስትሄድ ገና ገመድ የምትጠቀልል ጀማሪ ነበረች። አዲሱ መኪናቸው አክስሉ ተሰብሮ ወደ ደቡብ ተልኳል፣ እስከ ፋሲካም አይመለስም፣ በረዶው ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ጋራዡ በር ላይ ቆማ አሮጌ መኪናችንን፣ ግራጫዋን አየቻት። ከዚያች ቀን ጀምሮ እኔም አጠገቧ ደርሼ አላውቅም ነበር፤ አራቱም ጎማ ተንፍሶ፣ አቧራ ለብሳ፣ ዶሮ ጣራዋ ላይ ያድር ነበር። «አንተ ሽማግሌ፣ ይህቺ አሮጊት ትነሣለች ወይስ እንቅበራት?» አለችኝ። ትነሣለች አልኳት። እንግዲያው በሠላሳ ስምንት ኢንች ጎማ አይሆንም፣ አርባ አራት ነው የምፈልገው ብላ በማግስቱ አራት አዳዲስ ጎማ በተሳቢ ጭና አምጥታ በር ላይ ከመረችው። ቁመታቸው ደረቴ ድረስ ነው። ከመሄዷ በፊት እነሱን ለመግጠም ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ ሰው ልላክልህ ወይ ብላኝ ነበር፤ አልፈልግም አልኳት። ምን ነካኝ አትበል፣ ታውቀኛለህ።

መጀመሪያ መኪናዋን ማሰናዳት ነበረብኝ። አንተ የቆረጥከውን የጎማ ክዳን፣ ፓራፋንጎውን፣ እንደገና እስከ በሩ ጥግ ቆረጥኩት፤ ያንተ አቆራረጥ ቀጥ ያለ ነበር፣ የኔ አይጥ የበላው አይብ መሰለ። ካቢናዋን ከሻንሲው ላይ ከፍ አደረግሁ፣ የኋላውን አክስል አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ገፋሁት፣ መሪው ሲዞር ጎማው ብረት እንዳይነካ አየሁ። ይኸ ሁሉ ሁለት ሳምንት ወሰደ። ክሪክ አስገብቼ ብሎን ስፈታ፣ አፌ በልማድ «ያዝልኝ!» ይላል። የሚይዝልኝ የለም። ብሎኑ ወለሉ ላይ ይወድቃል፣ ሞሪ ቀና ብሎ ያየኛል፣ እኔም ሌላ ሰው የጮኸ አስመስዬ ሥራዬን እቀጥላለሁ። በቀን ስንት ጊዜ እንዳልኩት ብትሰማ ትስቅብኝ ነበር።

ከዚያ አሮጌዎቹን ጎማዎች ከብረት ቸርኬያቸው ላይ ማውጣት መጣ። አራቱን የዛሬ ሰባት ዓመት መከር ላይ ሁለት ሁለት ተካፍለን የገጠምናቸው ናቸው፤ አንተ ሁለት፣ እኔ ሁለት። ስንጨርስ ሁሉንም ከግድግዳው አስደግፈናቸው ተደባልቀው ነበርና የትኛው የማን እንደሆነ ሳናይ ያገኘነውን አንሥተን አሰርን። ለካ ነገሩ ሁሉ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ሙጫውን ታስታውሰዋለህ። በረዶ ላይ ስንወጣ አየሩን እስከ ሦስት ፓውንድ አራግፈን ጎማው እንደ ከረጢት እስኪተኛ ስለምንለቀው፣ ከንፈሩ ከቸርኬው ላይ እንዳይላቀቅ በሙጫ እንለጥፈው የለም? ፊተኛውን የቀኝ ለማውጣት ብረት አልበቃኝም፤ ቢላ ይዤ እየቆረጥኩ፣ የማውቀውን ስድብ ሁሉ ጨርሼ ከሰዓት በኋላ ላይ ወጣ። ሁለተኛው እንደዚያው። ሦስተኛው የባሰ። ወደ አራተኛው፣ ወደ ግራው የኋላ ስሄድ ጉልበቴን አሰባስቤ፣ ቢላዬን ስዬ ነበር። ብረቱን አስገብቼ አንዴ ብጫነው፣ ጎማው ከቸርኬው ላይ ሸርተት ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ።

ቁጭ አልኩ። ሙጫው እንደ ወተት ስልባቦት ሳይበጠስ ተልጦ ተነሣ፤ ከሥሩ ነጭ የደረቀ ነገር አለ። በጣቴ ፈተግሁት፣ አሸተትኩት። ለተራ ጎማ ማንሸራተቻ የምንቀባው አረንጓዴው ሳሙና ነው። ሙጫ በሚቀባ ጎማ ላይ ሳሙና ማስነካት ምን ማለት እንደሆነ ላንተ አልነግርህም፤ ሳሙና ባለበት ሙጫ አይይዝም። ከዚያ ጎማውን ወደ ብርሃኑ አዙሬ ውስጡን አየሁ።

አባባ «ምልክት የሌለው በግ የማንም ነው» እያለ፣ ጎማ ከመግጠማችን በፊት ውስጡ ላይ በቢጫ ጠመኔ የየራሳችንን የበግ ጆሮ ምልክት ያስለን ነበር። ያንተ ሁለቱም ጆሮ ከኋላው ቆረጥ የተደረገ፤ የኔ ቀኙ ጫፉ የተጎመደ፣ ግራው ለሁለት የተሰነጠቀ። ሌላ ሰው ዘንድ ይኸ ልማድ የለም፣ የኛ ቤት ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጎማዎች ውስጥ ያንተ ጆሮዎች ነበሩ። በሦስተኛው የኔ። በግራው የኋላ ውስጥ ደግሞ ጠመኔው ትናንት የተሳለ ይመስል፣ የኔው ጆሮዎች ናቸው።

የኔ ነው፣ ቴይቱር። የወለቀው የኔ ጎማ ነው።

ከዚያ በኋላ ያቺ ቀን ፊቴ ላይ ቆመች። የካቲት ነበር፤ ጎረቤታችን አውዱን በበረዶ ሞተሩ ወደ ሐይቁ ወጥቶ ሞተሩ ቆሞበት፣ በሬዲዮ ከገደሉ ሥር ተጠልያለሁ ብሎን ነበር። እኔና አንተ በግራጫዋ ወጣን። እሱ ዘንድ ለመድረስ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ሲቀረን የግራው የኋላ ወለቀ። ከበረዶው ውሽንፍር የተነሣ በቀትር የገዛ እጃችን አይታየንም ነበር። በረዶ ቆፍረን ክሪኩን አስገባን፣ ክሪኩ ሰመጠ፤ በገመድ አስረን ጎማውን ልናስገባ ስንል ነፋሱ ገፈተረን፤ ጎማው ውስጥ ጋዝ ነፍተን፣ በክብሪት አፈንድተን ከንፈሩን ከቸርኬው ጋር ልናስነክሰው ስንል ክብሪቱ ጠፋ፣ እንደገና ጠፋ። አንተ ካፖርትህን አውልቀህ ነፋሱን ከለልክልኝ። ነክሶ እስኪይዝ አራት ሰዓት ፈጀብን። አውዱንን ስናገኘው ተቀምጦ ነበር፣ ጓንቱን ጉልበቱ ላይ አጣጥፎ። ሐኪሙ ከሞተ ሰዓት አይሞላውም አለ።

በሳምንቱ ቡድኑ ቤት ስንሰበሰብ እንዴት ወለቀ ብለው ጠየቁ። ራግና፣ የአውዱን ሚስት፣ ከበስተኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። እኔ አለቃ ነበርኩ፣ ሽማግሌ ነበርኩ፣ አፌም ሰፊ ነበር። «የኔ ጎማ በሠላሳ ዓመት ወልቆ አያውቅም» አልኩ። የማን ነው አላልኩም፤ ማለትም አያስፈልገኝም ነበር። ሰው ሁሉ ወዳንተ ዞረ። አንተ ፊትህ ቀልቶ፣ «ክፈተውና ውስጡን እየው» አልከኝ። እኔ ደግሞ ምን ያስከፍተኛል፣ ሥራዬን አውቃለሁ አልኩህ። በግንቦት ሄድክ።

ቴይቱር ወንድሜ፣ አንድ ጎማ ለመክፈት ግማሽ ቀን አይፈጅም። ሰባት ዓመት ግማሽ ቀን አጣሁ? በጎቹ ናቸው፣ ድርቆሹ ነው፣ ጉልበቴ ነው እያልኩ ጋራዡ ውስጥ ስገባ በግራ በኩል እንኳ አላልፍም ነበር። አላውቅም ነበር ብል ይቀለኝ ነበር፣ ግን ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ለመዋሸት አይደለም። ፈርቼ ነው። ያ ጎማ እስካልተከፈተ ድረስ ጥፋቱ ያንተ ሆኖ ይቀመጣል፤ እኔም ልክ እንደሆንኩ እኖራለሁ። ወንድሜን ከማጣ ልክ መሆኔን ባጣ ይሻል ነበር፤ ይኸ የገባኝ ያ ጎማ እግሬ ላይ ወድቆ ነው።

ያን መከር እንዴት እንደሠራን አሁን ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። አንተ ቸርኬውን በጨርቅ ትወለውላለህ፣ ታደርቃለህ፣ እንደገና ትወለውላለህ። እኔ «ሙሽራ ነው እንዴ የምታጥበው?» እያልኩ ሳቅሁብህ። ሁለተኛዬ ጎማ በብርድ ደንድኖ አልገባ አለኝ። እጄ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደው የሳሙናው ባልዲ አለ። ነክሬ፣ ከንፈሩን አሻሽቼ፣ ሸርተት አድርጌ አስገባሁት፣ በላዩ ሙጫ ቀባሁበት። ጨረስኩ፣ አንተስ ምን ሆነሃል ብዬም ሳላፌዝብህ አልቀረሁም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ወደ ራግና ሄድኩ። ለፈረሶቿ ድርቆሽ ስትበትን አገኘኋት። ግባም አላለችኝ፣ እኔም አልገባሁም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳሙናውን፣ ጆሮዎቹን፣ አለመክፈቴን። መንሿን ሳታቆም ሰማችኝ። ስጨርስ ቀጥ ብላ ቆመች። አንተ በየዓመቱ በየካቲት እንደምትጽፍላት ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። እስከ አራተኛው ዓመት አንድም ሳትመልስልህ ቆይታ፣ በአራተኛው ይቅር ብዬሃለሁ ብላ እንደጻፈችልህም ነገረችኝ። ያን አንድ መስመር ለመጻፍ አንድ ክረምት እንደፈጀባት ነገረችኝ። ከዚያ እንዲህ አለች፤ «ኮልቤይን፣ ያለችኝን ይቅርታ ለሱ ሰጥቼ ጨርሻለሁ። ላንተ የሚሆን ከየት ላምጣ?»

ልሄድ ስዞር ዛሬውኑ ጻፍለት አለችኝ። ዛሬውኑ ያለችኝን ይኸው ሦስት ሳምንት ፈጀሁበት። ወረቀት አወጣለሁ፣ «ይድረስ» እላለሁ፣ ተነሥቼ በጎቹን ላይ እሄዳለሁ።

ስመለስ መንገዱን ሁሉ ሲቆረቁረኝ የመጣው ግን ሌላው ነገር ነው። እኔ «ክፈተው» ስትለኝ ንጹሕ መሆንህን የምታውቅ መስሎኝ ነበር፤ በኋላም በልቤ ቂም ይዞብኝ ነው የሄደው እል ነበር። ለካ አንተም አታውቅም ነበር። ምናልባት የኔ ይሆናል፣ ምናልባት አውዱንን የገደልኩት እኔ ነኝ እያልክ፣ ሚስት አግብተህ፣ ልጅ ወልደህ፣ በየየካቲቱ ለራግና ይቅርታ ትጽፍ ነበር። ቂም ቢሆን ይሻልህ ነበር፤ ቂም ቢያንስ እንቅልፍ ይሰጣል። እኔ ግማሽ ቀን ብሰጠው ኖሮ ያ ሁሉ ካንተ ላይ ይወርድ ነበር። ቀሪ ዘመኔን ይህን ሳስብ እንደምኖር እወቀው።

ማክሰኞ በቡድኑ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ። አሥራ አራት ሰው ነበር፣ ግማሾቹ አንተን የሚያውቁህ በስምህ ብቻ ነው፤ «ያ ጎማው የወለቀበት» እያሉ ያነሡህ ነበርና ለነሱ ጭምር ነው የተናገርኩት። ሥራውን ከእጄ ይወስዱብኛል ብዬ የግራጫዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ብሪንያ ቁልፉን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ መልሳ ወደኔ ገፋችው። «አንተው ትገጥማለህ። ሳሙናውን ግን ከጋራዡ አውጣ» አለች። አውጥቼ ለበረቱ ወለል ማጠቢያ አደረግሁት።

በዚህ ሳምንት አዲሶቹን ገጠምኩ። አርባ አራት ኢንች ለአንድ ሰው አይሆንም፣ እውነቷን ነው። አንዱን ጫፍ በገመድ ከምሰሶው ጋር አስሬ፣ ሌላውን በደረቴ ደግፌ፣ በጉልበቴ ገፍቼ አስገባሁ። ቸርኬዎቹን ወለወልኩ፣ አደረቅሁ፣ እንደገና ወለወልኩ። አንተ የምታደርገውን ነው ያደረግሁት፤ ዘገምተኛ ሥራ ነው፣ ደስም ይላል፣ ለምን እንደምትወደው ገባኝ። የመጨረሻው በኮምፕሬሰር አልነክስ ስላለኝ ጋዝ ነፍቼ ክብሪት ጫርኩበት። ጎማው ገባ፤ ቅንድቤም አብሮ ሄደ። አንተ በነበርክ ጊዜ ቅንድብ የሚያጣው አንተ ነበርክ፣ የምስቀው እኔ። አሁን መስታወት ፊት ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ፤ ከዚያ ተውኩት።

ከመግጠሜ በፊት ጠመኔውን ይዤ ነበር። በሦስቱ የኔን ጆሮ ሳልኩ። በአራተኛው ያንተን ልስል፣ እዚህ ያለህ ያህል እንዲሆንልኝ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ ደነገጥኩ። ባልሠራኸው ጎማ ላይ ደግሞ ምልክትህን ላኖርብህ? አንዴ አይበቃም? መልሼ የራሴን ሳልኩ። አራቱም የኔ ናቸው። ከወለቀም የማን እንደሆነ ለማወቅ ማንም መክፈት አያስፈልገውም፤ የቡድኑ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሰቅዬዋለሁ።

ና አልልህም። ና የማለት መብቴን ያን ቀን ቡድኑ ቤት ውስጥ ጥዬዋለሁ። አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ፤ ዘንድሮ በየካቲት ለራግና እንዳትጽፍ። ያ ደብዳቤ የኔ ነው። ከቤቷ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ብሆንም እኔ እጽፈዋለሁ፣ ባትመልስልኝም በየዓመቱ እጽፈዋለሁ። አንተ በየካቲት ልጅህን ይዘህ ባሕር ወይም ወንዝ ካለ እዚያ ውሰዳት።

ለማሪስ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ቋንቋዋን ባላውቅም አንተን ስላኖረችልኝ አመሰግናታለሁ። ትንሿን ፊናን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ስሟን ያወረሰቻት አያቷ ሹራቡን በገና ልካ ታደርስላታለች፣ ባትለብሰውም ፎቶ አንሥታችሁ ላኩላት። እማማ ሰላም ብላሃለች። ይህን ሁሉ ነግሬያት ነበር፤ እጄን ይዛ «ታዲያ ልጁ አሁን ይበላል ወይ?» አለችኝ። ይበላል አልኳት። አታዋርደኝ፣ ብላ። ብሪንያም ሰላም ብላለች። ሞሪ እግሬ ሥር ተኝቷል። ራግና ምንም አልላከችም፤ ግን ትናንት በመኪናዋ ስታልፍ እጇን ከመሪው ላይ አነሣች። ለኔ ይሁን ለሞሪ አላወቅሁም።

ከደብዳቤው ጋር መዳፍ የምታህል የጎማ ቁራጭ ታገኛለህ። ከግራው የኋላ ጎማ ውስጥ ቆርጬ ያወጣኋት ናት፤ ጠመኔው እንዳይጠፋ በሰም ወረቀት ጠቅልያታለሁ። ሌላ ነገር እንዳይመስልህ፣ ማንም ቢጠይቅህም የምታሳየው እንዲኖርህ ነው። ክፈተውና እየው ብለኸኝ ነበር። ከፍቼ አየሁት። ጆሮዎቹ የኔ ናቸው።

ወንድምህ ኮልቤይን

ክሮካሴል፣ ክረምቱ በገባ በሦስተኛው ቅዳሜ
ኖቬምበር 9 ቀን 2019